ቱሉ ዲምቱ ያለች ታፔላ ቤት ውስጥ ደም ስር አሠራሁ (4 ከ 5)

እሺ ይሄ ሪቪው ይረዝማል። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ልጆቹ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ቀጠሮ አያከብሩም፣ ሌዘራቸው ንጹህ ይቆርጣል፣ ደረሰኝ ስትጠይቋቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ስማቸውን አልጽፍም፣ ቅሬታም ስላለኝ የሰው እንጀራ ላይ መቆም አልፈልግም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጋ ወርዳችሁ ደጃፉ ላይ የፋርማሲ መስቀልና የ«ሥጋ ቤት» ታፔላ ተደርድሮ ካያችሁ፣ ከጎኑም ቶርኖ ሲያፏጭ ከሰማችሁ ደርሳችኋል።

ታፔላ ላሠራ አልነበረም የሄድኩት። ጓደኛዬ ጀርመን ዶክትሬቷን እየሰራች ነው፣ ስለ ደም ስር ሴሎች፣ ለፋሲካ መጥታ ዶሮ ወጡ ቀርቦ እንኳን ወሬዋ ሴል ነው። ያስረዳችኝን በራሴ ቋንቋ ልሞክር። የደም ስራችን የውስጥ ግድግዳ በአንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው የተለበጠው፣ ኢንዶቴሊየም ይባላል። ደም ሲያልፍ ሴሎቹን እያሻሸ ነው ሚያልፈው፣ መሻሸቱን ሺር ስትረስ ይሉታል፣ ሚለካው በዳይን በካሬ ሴንቲሜትር ነው። ልብ የሚገፋው ደም ያለበት አርተሪ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ይሆናል፣ መልስ ደም በሚወስዱት ቬኖች ላይ ግን ከ1 እስከ 6 ግድም ነው። እነዚህ ሴሎች ዝም ብለው አይታሹም፣ ከሚያልፈው ፈሳሽ ላይ ሞሎኪውል እየቀነጠቡ ወደ ውስጣቸው ያስገባሉ። የሷ ጥያቄ ይሄ ነው፦ መሻሸቱ ሲበረታ ይበልጥ ይውጣሉ ወይስ ያንሳል?

አብዛኛው ላብራቶሪ ሴል ሚያሳድገው የቆመ ፈሳሽ ውስጥ ነው፣ ሳህን ላይ። እሷ ደግሞ «ደም ቆሞ አያውቅም እኮ፣ ቆሞ ያጠናነው ነገር የማን ደም ስር ነው?» ትላለች። ስለዚህ ፈሳሽ ሚያሳልፍ ጠባብ ቻምበር ያስፈልጋታል። ከታች ሴሎቹ የተለጠፉበት የማይክሮስኮፕ መስታወት፣ ከላይ ግልጽ ክዳን፣ መሃላቸው ላይ የሩብ ሚሊሜትር ክፍተት፣ ባንዱ ጫፍ ይገባል በሌላው ይወጣል፣ በቃ። ኢንተርኔት ላይ ሚሸጠውን አሳየችኝ፣ ዋጋውን ሳይ ገጹን እኔው ዘጋሁት። እኔ ሥራዬ የሕክምና ዕቃ ጥገና ነው፣ «ይሄንንማ እኛ ሰፈር እናሠራዋለን» አልኳት። ሳቀችብኝ።

ሌዘር ላይ የሚሠራው ልጅ ስንደርስ የሠርግ ስም ያለበት አክሪሊክ እየቆረጠ ነበር። ስዕሉን በፍላሽ ሰጠሁት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አየው፣ አዞረው፣ አሁንም አየው።

«ብራዘር ይሄ የሰዓት ፊት ነው?»

«ደም ስር ነው።»

«የማን?»

ምን ልበለው። ጓደኛዬ ገብታ አብራራችለት፣ አስር ደቂቃ ሙሉ ማሽኑን አቁሞ ሰማት (ከኋላችን የባነር ደንበኛ ቆሞ እያጉረመረመ)፣ ከዛ የጠየቀው ጥያቄ ነው 4 ኮከብ ያስሰጠኝ፦ «የቱ ልኬት ነው ትንሽ ቢሳሳት ሚጎዳችሁ?» ብዙ ሱቅ ገብቻለሁ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። መልሱ የክፍተቱ ከፍታ ነው። መሻሸቱን ምታሰሉት ፈሳሹ ባለው ውፍረት (እንደ ማር ነው ወይስ እንደ ውሃ ማለት ነው) እና በሚፈሰው መጠን ላይ 6 አባዝታችሁ፣ ለስፋቱና ለከፍታው ካሬ አካፍላችሁ ነው። ካሬ ነው ጉዱ። ስፋቱ በትንሽ ቢሳሳት በዛችው ልክ ነው ምትሳሳቱት፣ ከፍታው ከሆነ ግን ስህተቱ እጥፍ ይሆናል። የኛ ስፋት 1.5 ሴንቲሜትር፣ ከፍታው 0.25 ሚሊሜትር፣ ሴሎቹ ሚኖሩበት ሚዲየም 37 ዲግሪ ላይ ከውሃ ብዙም አይወፍርም፣ በደቂቃ 16 ሚሊ ሊትር ሲያልፍበት 12 ዳይን ግድም ይወጣል። ከፍታው 0.2 ቢሆንስ? ወደ 19 ይዘላል። 12 ላይ እየለካችሁ መስሏችሁ 19 ላይ እየለካችሁ ነው ማለት ነው።

አክሪሊኩን በቀጠሮው ቀን አልጨረሱትም። ሐሙስ ብለው ማክሰኞ ነው የሰጡን፣ ሐሙስ ሄጄ፣ አርብ ሄጄ፣ ሰኞ ደውዬ «መንገድ ላይ ነኝ» ተብዬ። ከቃሊቲ በሚኒባስ እየተንጠለጠለ ለሚመጣ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ያ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ካለ ደግሞ አቧራውን እናንተው ታውቁታላችሁ። አንድ ኮከብ እዚህ ጋ ነው የሄደችው።

ሲሰጡን ግን ቆንጆ ነበር። ጠርዙ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። መሃል የሚገባውን ስስ ሲሊኮን፣ እኛ ጋራዥ ጓርኒሲዮን እንደምንለው ማለት ነው፣ እሱንም በሌዘር ቆርጦታል። በአራት ብሎን አሰርነው። እዛው ሱቅ መደርደሪያ ላይ የኢንሱሊን ሲሪንጅ አውጥቼ ለካሁት፣ ሲሪንጁ አንድ ሚሊ ሊትር ነው፣ 100 መስመር አለው። የመተላለፊያው ርዝመት 5 ሴንቲሜትር ስለሆነ ልክ ከሆነ 19 መስመር ግድም መያዝ አለበት። ቀይ የምግብ ቀለም በጥብጬ ቀስ ብዬ ገፋሁ። 15 ላይ ሞላ።

ልጁም ደነገጠ፣ «በካሊፐር ለክቼዋለሁ እኮ!» አለ፣ እውነቱን ነው ለክቷል፣ ሲሊኮኑ ሳይታሰር 0.25 ነበር። ብሎኑ ሲጠብቅ ነው የተጨፈለቀው። ያውም እኩል አይደለም፣ አንድ ጥግ በደንብ ታስሮ ሌላው ላላ ብሎ፣ ፈሳሹ ባንድ ጎን ሚሮጥ በሌላው ሚያንቀላፋ ዓይነት፣ ቀለሙ ራሱ ያሳያችሁ ነበር፣ ወደ ግራ እየወገነ ነው ሚሄደው።

እዚህ ላይ ነው ከጎን ካለው ቶርኖ ቤት ጋሼ የተጠሩት። የሱቁ ባለቤት ናቸው መሰለኝ፣ ወይ የልጁ አጎት፣ ሁሉም «ጋሼ» ነው ሚሏቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ቻምበሩን ወደ ብርሃን አነሱት፣ ቀለሙ ወዴት እንዳጋደለ አዩ፣ ምንም ሳይሉ ወደ ቶርኗቸው ተመለሱ። እኔ ተናደው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ በእጃቸው ያችን የመኪና ቫልቭ ክፍተት ምንለካባትን የቀጫጭን ብረት ጥቅል ይዘዋል፣ እያንዳንዷ ላይ ውፍረቷ የተጻፈባት። 0.25 የተጻፈባትን መዘዙ።

«ጎማ ብቻውን ከፍታ አይጠብቅም የኔ ልጅ። ጎማው ውሃ ይያዝ፣ ከፍታውን ብረት ይያዝ።»

ቅጠሏን ቆራርጠው በአራቱም ብሎን አጠገብ አንዳንድ ቁራጭ አስገቡ፣ ሲሊኮኑንም ትንሽ ወፈር ባለ ቀየሩት፣ አሁን ብሎኑን ቢያጠብቁትም ብረቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እንደገና ለካሁ። 19። ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ አሰርኩት፣ 19፣ 19፣ 18 ተኩል። ጓደኛዬ ጋሼን ልታቅፋቸው ምንም አልቀራትም። ለብረቱ ብር አልተቀበሉም፣ «ያረጀ ነው» ብለው፣ አላረጀም።

ቤት ወስደን ከተጣለ ማሽን ባወጣሁት ፔሪስታልቲክ ፓምፕ ሞከርነው። ፓምፑ እየጨመቀ ስለሚገፋ ፈሳሹ ዝለል ዝለል ይላል፣ ወጥ ፍሰት አይደለም። መፍትሔውን እኛ አይደለን የፈጠርነው፣ እነ ፍራንጎስ ሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1985 የሰው ደም ስር ሴል ላይ ሲሰሩ ፈሳሹን ከፍ ካለ ዕቃ በስበት ነው ያወረዱት። ሮቶ በሉት በቃ። ፓምፑ ሥራው ወደ ላይኛው ጠርሙስ መመለስ ብቻ ነው፣ ትርፉ በቱቦ ይመለሳል፣ ሴሎቹ ሚያዩት ከላይኛው ጠርሙስ የሚወርደውን ወጥ ፍሰት ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፦ መብራት ሲጠፋ ፍሰቱ ወዲያው አይቆምም። ላይኛው ጠርሙስ አንድ ሊትር ከያዘ በዛ ፍጥነት አንድ ሰዓት ያህል ይወርዳል። በሙከራው ማታ መብራት ሄደ፣ በሻማ ቁጭ ብለን ቀዩ ውሃ ሲወርድ አየን፣ እናቴ በሩን ከፍታ «ምን ዓይነት ጠንቋዮች ናችሁ» ብላ ዘግታው ሄደች።

ቀጥሎ ጥፋቱ የኛ ነው። ከጀርም ለማጽዳት 70 ፐርሰንት አልኮል ነከርነው። ጠዋት ስናየው ከየቀዳዳው ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የሆነ ስንጥቅ ወጥቶበታል። ሌዘር የቆረጠው አክሪሊክ ጠርዙ ላይ ውጥረት ስለሚቀርበት አልኮል ሲነካው ይሰነጠቃል። ልጁ ዘንድ ተመልሰን ስናሳየው «በአልኮል ነው ያጸዳችሁት አይደል? እኛ እኮ ታፔላ በአልኮል አንጠርግም» አለ። እንዴ ለምን አልነገርከንም? «አልጠየቃችሁኝም።» ይሄን አባባል ከኢትዮጵያ ሱቆች ሁሉ ሚያጠፋልኝ ቢኖር ሌላ አንድ ኮከብ እጨምር ነበር። በእንፋሎት ብናጸዳውስ? አውቶክሌቭ ሚባለው የእንፋሎት ማጽጃ 121 ዲግሪ ነው፣ አክሪሊክ ከመቶ ትንሽ አለፍ ሲል ይለሰልሳል፣ እንደ ሰም ነው ሚታጠፈው።

ሁለተኛው እንግዲህ ከፖሊካርቦኔት ተሠራ፣ እሱ 121 ይችላል። ልጁ ሌዘር ላይ አላስገባም አለ፣ ይጠቁራል ይቃጠላል ብሎ፣ ልክ ነው፣ ስለዚህ ጋሼ በፍሬዛ ቆረጡት። የፍሬዛው ጠርዝ እንደ ሌዘሩ አያምርም፣ ጭረት ጭረት ይላል፣ ግን መሃሉ ንጹህ ነው፣ ማይክሮስኮፑ ሚያየው መሃሉን ነው። የአየር ጥያቄም ነበር። አረፋ በመተላለፊያው ካለፈ ሴሎቹን እንደ ምላጭ ይልጣቸዋል፣ ስንት ቀን ያሳደጋችሁት በአንዲት አረፋ ያልቃል። ጋሼ ሳይጨርሱላቸው ነው የገባቸው፣ «ፍሬን አየር እንደማውጣት ነው በላ» ብለው ከመግቢያው በፊት ወደ ላይ የቆመች ትንሽ ጉድጓድ ከነመክፈቻዋ ሠሩላት፣ አረፋ ስለሚንሳፈፍ እዛ ይጠራቀማል። ለመጀመሪያው 1,800 ብር፣ ለሁለተኛው 2,500 ከፈልኩ። ኢንተርኔት ላይ ካየነው ቻምበር አንጻር ነጻ ማለት ነው።

ይዛው ሄደች። ከሳምንታት በኋላ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ፍሰት ያላዩ ሴሎች ናቸው፣ ድብልብል ብለው እርስ በርስ የተገጣጠሙ፣ ሰፈራችን ያለውን የኮብልስቶን መንገድ ከላይ በድሮን ያነሳችሁት ነው ሚመስለው (እነሱም ራሳቸው ኮብልስቶን ነው ሚሉት አለችኝ)። ሁለተኛው 24 ሰዓት በኛ ቻምበር ውስጥ ያደሩ። ሁሉም ረዝመዋል፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተዋል። በጥቅምት ወደ ሰንዳፋ ስትወጡ ነፋስ ያስተኛውን ጤፍ አይታችኋል? እሱ ነው። ለጋሼ አሳየኋቸው፣ ስልኩን ተቀብለው ረጅም ሰዓት ያዙት፣ «ግፊቱን አውቀው ነው የተኙት?» አሉ። አውቀው ነው። ሴሎቹ ላይ ስኳራማ ፀጉር የመሰለ ሽፋን አለ፣ መገጣጠሚያቸው ላይ ደግሞ ጉተታ ሚያውቁ ፕሮቲኖች አሉ፣ ፍሰቱን በነሱ ነው ሚያነቡት፣ አንብበውም ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃሉ፣ ደም ስሩ ይላላል። ያንን ሞሎኪውል ያጠኑት ሦስት ሰዎች በ1998 ኖቤል ተሸልመውበታል።

የመዋጡ ነገርስ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ ሚጣፍጠው፣ ምክንያቱም መልሱ አንድ አይደለም። እነ ዴቪስ በ1984 የበሬ አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ አርተሪ) ሴሎችን ከ1 እስከ 15 ዳይን ሲያሻሹ ሴሎቹ ፈሳሽ መጎንጨታቸውን ጨመሩ፣ ግን ለሰዓታት ብቻ፣ ከዛ ወደ ድሮው ተመለሱ። ማለትም ሚያስደነግጣቸው ለውጡ ነው፣ ከለመዱት በኋላ ይረጋጋሉ። እኛም አዲስ ሰፈር ስንገባ እንደዛ አይደለንም? በ1987 ደግሞ እነ ስፕራግ 30 ዳይን ላይ ለ24 ሰዓት የቆዩ ሴሎች ኤልዲኤልን፣ ያንን «መጥፎው ኮሌስትሮል» ሚባለውን፣ በቆመ ወይም በጣም በዘገየ ፍሰት ካሉት በላይ እንደሚያስገቡ አሳዩ።

እኔ እዚህ ግራ ተጋባሁ። ኮሌስትሮል ደም ስር ሚደፍነው ፍሰቱ በሚዘገይበትና በሚዋዥቅበት ቦታ ነው፣ አንገት ላይ ያለው ትልቁ አርተሪ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ እንደሚሆነው፣ ይሄን እነ ካሮ ከ1969 ጀምሮ ሲሉት የኖሩት ነው። ታዲያ ኤልዲኤል ይበልጥ ሚዋጠው ፍሰቱ የበረታበት ከሆነ ለምን ሚደፈነው የዘገየበት? ደውዬ ጠየቅኳት። «ሴሉ ለራሱ ምግብ የሚበላውና በሴሎቹ መሃል ሾልኮ ግድግዳው ውስጥ የሚቀረው አንድ አይደለም» አለችኝ። ፍሰት ባለበት ሴሎቹ ተጠጋግተው በሥርዓት በር በኩል ነው ሚቀበሉት፣ የተቀበሉትንም ይፈጩታል። በዘገየው ቦታ ግን ሴሎቹ ቶሎ ቶሎ ይሞታሉ ይተካሉ፣ በመሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ኤልዲኤሉም ፍሰት ሚያጥበው ስለሌለ ግድግዳው አጠገብ ይጠራቀማል፣ ውሃው በግድግዳው ሲሰርግ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። የአጥር በር ተከፍቶ እንግዳ መግባትና በፈረሰው አጥር ሌባ መግባት ብላችሁ ያዙት።

መድኃኒት ተሸካሚ ናኖ ቅንጣቶች ላይም ሌላ መልክ አለው። ፍሰት ብዙ ቅንጣት ያመጣል ግን ግድግዳው ጋ ለመያያዝ ጊዜ አይሰጥም፣ መጥቶ ሄደ፣ ከዛ በላይ ደግሞ ፍሰት የለመደ ሴል በቆመ ውሃ ካደገው ያነሰ ነው አብዛኛውን ጊዜ ሚያስገባው። ሳህን ላይ ያማረ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ዝም ሚለው አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። እሷ ራሷ አሁን ሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት ኤልዲኤል እያሳለፈች ነው፣ ቁጥሯ ገና ነው፣ ደጋግማ እየሞከረች ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ሦስት ተጨማሪ ቻምበር አዘዘችኝ፣ ሄድኩ። አሁንም ሐሙስ ብለው ሰኞ ነው። አንዱ ጭረቱ መሃሉ ላይ ሆኖ መለስኩት፣ ሳይጨቃጨቁ ደገሙልኝ። ማሸጊያ የላቸውም፣ በጋዜጣ ነው ሚጠቀልሉት፣ ለሥጋ እንደሚጠቀለለው፣ ስትሄዱ ካርቶንና ስፖንጅ ይዛችሁ ሂዱ። ስዕላችሁን በፍላሽ ስትወስዱ ሌላ ነገር የሌለበት ፍላሽ ይሁን፣ ኮምፒውተራቸው ቫይረስ አለበት፣ የኔን አጥቅቶብኛል። ከሰዓት በኋላ ከመሄዳችሁ በፊት መብራት መኖሩን ደውሉ። ሥራችሁ ትክክለኛ ልኬት ከፈለገ ልጁን ሳይሆን ጋሼን ጥሯቸው፣ ለምን እንደፈለጋችሁትም ንገሯቸው፣ ሳያውቁ አይሠሩም፣ ካወቁ ደግሞ እናንተ ያላሰባችሁትን ያስባሉ። ደረሰኝ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ተነጋገሩ።

ባለፈው ሳልፍ ገባ ብዬ ነበር። ያ የመጀመሪያው በአልኮል የተሰነጣጠቀው አክሪሊክ ማሳያ መስታወቱ ውስጥ፣ በማኅተምና «እንኳን ደስ አላችሁ» በሚል ሳህን መሃል ተቀምጧል። ቀይ ቀለሙ ጥጉ ላይ ደርቆ ቀርቷል። አንዲት ደንበኛ እየጠቆመች «ይሄስ ምንድን ነው?» ስትል ልጁ ቀና እንኳን ሳይል «ደም ስር ነው፣ በትዕዛዝ እንሰራለን» አላት።